አንድ ፊልም፣ ሁለት መልእክት

ጥያቄ፦ በወገል ጤና የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። አንድን ዘገባ ወይም ፊልም ስንመረምር ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከአራት ጥያቄዎች ጀምሩ፦ ማን ሠራው? ለማን? እንዴት ተቀናበረ? ሰዎቹን በምን መልክ አሳየ? የመጨረሻው ውክልና ይባላል።

ምሳሌው ከዚያው ከወሎ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ የሚያሳይ «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አቀረበ። ተመልካቹ የውጭ ሰው ነበር፤ መልእክቱም «እርዱ» የሚል ሆኖ ተሰማ፤ ብዙ ገንዘብም ተዋጣ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያንኑ ምስል ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ። አሁን ግን በረሃብተኞቹ ምስሎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚታዩባቸው ምስሎች ገቡ። መልእክቱ «ጥፋተኛው ይኸው» ወደሚል ተለወጠ። ንጉሡ በማግስቱ ከዙፋን ወረዱ።

ቅንብር የግድ ውሸት አይደለም። ረሃቡ እውነት ነው፤ ግብዣውም ነበረ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፍርድ እንድንሰጥ የገፋፋን ግን አቀናባሪው ነው። ስለ ውክልና ደግሞ ይህን ጠይቁ፦ የወሎ ገበሬ ራሱ ይናገራል ወይስ ስለ እሱ ይነገራል?

ለልምምድ አንድ ዜና መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ፤ ቀጥሎ ምስሉን ሳታዩ ስሙ። ምስሉና ንግግሩ የማይገናኙበትን ቦታ መዝግባችሁ ተወያዩበት።