የደመወዝ ፍትሕና የሰው ልጅ ክብር



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፥ በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት አማኞች መበለቶቻቸው በዕለታዊው እደላ ስለ ተዘነጉ አጕረመረሙ። ሐዋርያት ቅሬታው መለያየትን ያመጣል ብለው ዝም አላሰኟቸውም፤ እደላውን የሚመሩ ሰባት ሰዎች አስመረጡ እንጂ። የሰባቱም ስም ግሪክኛ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከዚህ እንደምንማረው ፍትሕ የድርሻ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኃላፊነትም ጉዳይ ነው።

በሥራ ቦታ በወገን ምክንያት የሚታየውን የደመወዝ ልዩነት ስንመረምርም ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልገናል። አንደኛው፥ ለእኩል ሥራ እኩል ይከፈላልን? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ በየደመወዝ ደረጃው የሚገኙት እነማን ናቸው? የሚል ነው። የመጀመሪያው ተሟልቶ ሳለ አንድ ወገን በታችኛው ደረጃ ከተወሰነ፥ አማካይ ገቢው ዝቅ እንዳለ ይኖራል።

የእንግሊዝ አገር የሕዝብ ጤና አገልግሎት ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ከሐኪሞችና ከከፍተኛ ኃላፊዎች በቀር አብዛኞቹ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአንድ የደመወዝ ሠንጠረዥ ይተዳደራሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገው ቆጠራ፥ ከጥቁሮች፥ ከእስያውያንና ነጭ ካልሆኑ ሌሎች ወገኖች የተወለዱት ከሠራተኞቹ 26.4 በመቶ ሲሆኑ፥ ከከፍተኛ ሥራ አስኪያጆች መካከል ግን 11.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዕጩነት ከተለዩት አመልካቾችም መካከል ነጮቹ የመቀጠር ዕድላቸው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነት ሁሉ የአድልዎ ማስረጃ ነው አንልም፤ የአገልግሎት ዘመንና የትምህርት ደረጃም ይመዘናሉ። ነገር ግን ያልተቆጠረ ነገር ሊመረመር አይችልም።

ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች በጻፉት መልእክት ትክክለኛ ደመወዝን የፍትሕ ግዴታ አድርገው አስተምረዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 በዘር ምክንያት የሚደረግ አድልዎ ከእግዚአብሔር ፈቃድ ጋር የሚቃረን መሆኑን አስታውቋል።

እንግዲህ በትምህርት ቤቶቻችን፥ በክሊኒኮቻችንና በጽሕፈት ቤቶቻችን እንዲህ ብለን እንጠይቅ፦ ዘበኛውና የጽዳት ሠራተኛው ከየትኛው ወገን ናቸው? ኃላፊውስ? ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖር ማስታወቂያው የት፥ በምንስ ቋንቋ ይለጠፋል? ዕድገት ሲሰጥ መመዘኛው ለሁሉ አስቀድሞ ይነገራልን? በአገራችን ወገንን መቁጠር ለጠብ እንዳይውል መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ ጥንቃቄው ግን የተበደለውን ዝም ማሰኛ እንዳይሆን እናስተውል።

የፍትሕ አምላክ ልቡናችንን ያብራልን።