«እግሬ አላስተኛ አለኝ» — ለነፍሰ ጡር እናቶች

በደራም ሆነ በአዳማ ነፍሰ ጡር እናቶች በመድኃኒት መደብር ደጋግመው ከሚያነሷቸው ችግሮች አንዱ «ማታ ማታ እግሬ አላስተኛ አለኝ» የሚል ነው። አንዳንዱ ሰው «ጂን ነው» ይላል፤ ሌላው «ስትወልጂ ይተውሻል» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን የታወቀ የጤና ችግር ነው፤ መፍትሔም አለው።

ምልክቶቹ

ችግሩ በሕክምናው ዓለም «ዕረፍት የለሽ እግር» በሚል ስም ይታወቃል። መለያዎቹ አራት ናቸው፦ እግርን አንቀሳቅሱ አንቀሳቅሱ የሚል ስሜት (ብዙ ጊዜ ውስጥ ለውስጥ ከመውረር ጋር)፣ ሲቀመጡ ወይም ሲተኙ መባሱ፣ ሲራመዱ መቅለሉ፣ እንዲሁም በምሽት መጠንከሩ። በድንገት ባትን ጨምድዶ የሚይዘው ሕመም ከዚህ የተለየ ነው።

ምን ያህል ይበዛል?

በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከአምስት ነፍሰ ጡሮች አንዷን ገደማ ያገኛታል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ይበረታል፤ በአብዛኞቹ እናቶች ላይ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይጠፋል።

ከምን ይመጣል?

የሆርሞን ለውጥና የዘር ውርስ ድርሻ አላቸው። እኛ ልናስተካክለው የምንችለው ግን የብረት እጥረትን ነው። አንጎላችን እንቅስቃሴን የሚያስተካክልበትን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ለመሥራት ብረት ያስፈልገዋል፤ ጽንሱም ሲያድግ ከእናቱ ክምችት ይወስዳል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከነፍሰ ጡሮች 29 በመቶ ያህሉ የደም ማነስ ነበረባቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ከወለዱት እናቶች ውስጥ የብረት እንክብል ለ90 ቀናትና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ምን እናድርግ?

1. በቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ ችግሩን ሳታፍሩ ተናገሩ። የደም መጠን ደህና ሆኖ የተከማቸው ብረት ሊያንስ ስለሚችል፣ ምርመራው ባለበት ቦታ ፌሪቲን እንዲታይላችሁ ጠይቁ።

2. የተሰጣችሁን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል በየቀኑ ውሰዱ። ሻይ፣ ቡናና ወተት ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚቀንሱ አብራችሁ አትጠጡ፤ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይሻላል። ሰገራን ቢያጠቁር አትደንግጡ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን መጠኑን አትጨምሩ።

3. ለማስመለስ የሚሰጡት ሜቶክሎፕራማይድ (ፕላዚል) እና ፕሮሜታዚን፣ እንዲሁም እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች ችግሩን ሊያባብሱት ይችላሉ። እነዚህን የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪማችሁ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ ንገሩ።

4. የማታውን ቡና ተዉት። ከመኝታ በፊት ቀለል ያለ እርምጃና እግርን በሞቀ ውሃ መታጠብ ይረዳል።

5. በረመዷን የምትጾም እናት እንክብሉን በኢፍጣርና በሱሑር መካከል፣ ከቡናና ከሻይ አርቃ ትውሰድ። ለራሷ ወይም ለጽንሷ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር ማፍጠር እንደተፈቀደላትም አትርሳ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ከጋለና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አትሹት፤ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ባሎችም አደራ! ሌሊት ተነስታ በቤት ውስጥ የምትመላለሰውን ሚስት «አስቸገርሽኝ» ከማለት ይልቅ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ይዟት የሚሄድ ባል ትልቅ ውለታ ዋለላት።

አላህ ለእናቶቻችን ዓፊያውን ይስጥልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።