የመብራት ልክ

ዘይት ሲያልቅ ጠርሙሱ ይናገራል። ጤፍ ሲጎድል የጆንያው ወገብ ይታጠፋል። መብራት ግን እንዲህ አይደለም። ስንት እንደፈጀን የምናውቀው ወሩ አልቆ ሂሳቡ ሲመጣ ነው፤ ሂሳቡም ቢሆን የሚነግረን ቁጥር እንጂ ልክ አይደለም። 900 ኪሎዋት ሰዓት ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ከማን ቤት ጋር ሲታይ?

እኛ በምንኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የመብራት ድርጅቱ በየጊዜው አንድ ገጽ ደብዳቤ ይልካል። ሦስት አግድም መስመሮች አሉበት። አንደኛው የእኛ ቤት ፍጆታ ነው። ሁለተኛው የእኛን የሚመስሉ 100 ያህል የአካባቢ ቤቶች አማካይ ነው። ሦስተኛውና አጭሩ ከእነዚያው ቤቶች መካከል በቁጠባ የተሻሉት የሚጠቀሙት ነው። ጥር ላይ በመጣው ደብዳቤ የእኛው መስመር ከሁሉም ረዝሞ ነበር። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጣቷን በመስመሩ ላይ እየሳበች ሄደች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ብላ «ምጣዱ ነዋ!» አለች።

እስቲ እናስላው። የእኛ የእንጀራ ምጣድ 1,500 ዋት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢሠራ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በወር 12 ወይም 13 ማለት ነው። አንድ የአሜሪካ ቤት በአማካይ በወር 900 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠቀማል። ስለዚህ የወሩ እንጀራ በሙሉ ከዚያ ውስጥ ከመቶ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። ጥፋቱ የማሞቂያው ነበር። ቤታችን የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ነው፤ ቴርሞስታቱ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ፣ ሁላችንም ሥራ ስንሄድም ጭምር፣ 76 ፋራናይት ላይ እንደተተከለ ነበር። ደብዳቤው ባይመጣ ኖሮ እንደ እኛ የሚከፍል ሁሉም ሰው መስሎን እንቀጥል ነበር።

የዚህ አሠራር ሥር ያለው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ማርኮስ በምትባል ከተማ ነው። ተመራማሪዎቹ ዌስሊ ሹልትስ፣ ጄሲካ ኖላን፣ ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቻቸው በየቤቱ በር እጀታ ላይ መልእክት አንጠለጠሉ። በኤር ኮንዲሽነር ፈንታ ቬንትሌተር ተጠቀሙ የሚል ነው። ምክንያቱ ግን ከቤት ቤት ይለያያል፦ ለአንዱ አካባቢን ለመጠበቅ፣ ለሌላው ለመጪው ትውልድ፣ ለሌላው ገንዘብ ለመቆጠብ። ለሌሎች ደግሞ አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችሁ ይህንኑ እያደረጉ ነው ይላል። ቆጣሪው ሲነበብ ይበልጥ የቀነሱት የጎረቤቶቻቸው ነገር የተነገራቸው ሆነው ተገኙ። የሚገርመው ግን፣ ሰዎቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ይህኛው መልእክት ከሌሎቹ ያነሰ እንዳሳመናቸው ነበር የተናገሩት።

እኛ ይህን ስንሰማ ወዲያው «ይሉኝታ ነው» እንላለን። እኔ ግን አይመስለኝም። ይሉኝታ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል። ደብዳቤው የሚመጣው በታሸገ ፖስታ ነው፤ የእኛ መስመር የት ድረስ እንደረዘመ ጎረቤት አያውቅም፣ እኛም የማንንም ለይተን አናውቅም። የሚሠራው ልክን ማወቅ ነው። ማገዶ በሚነድበት ሰፈር ያደገች ሴት የጎረቤቷን የእንጨት ክምር ስታይ ኖራለች፤ ለአንድ ጋገራ ስንት ፍልጥ እንደሚበቃ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። በሽቦ የሚመጣው ኃይል ይህን ማየት አስቀረብን። ደብዳቤው በከፊልም ቢሆን ይመልሰዋል።

ልክ ግን ወደ ሁለት ወገን ይስባል። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በሳን ማርኮስ ለ290 ያህል ቤቶች የየራሳቸውን ፍጆታ ከሰፈሩ አማካይ ጋር አድርገው አሳወቁ። ከአማካዩ በላይ የነበሩት ቀነሱ፤ ከአማካዩ በታች የነበሩት ደግሞ ጨመሩ! ቆጣቢዋ «ለካ እኔ ብቻ ነኝ የምጨነቀው» ብላ ኤር ኮንዲሽነሩን ሳትሳሳ መክፈት ጀመረች ማለት ነው። መድኃኒቱ ትንሽ ነበር፦ ዝቅ ላሉት ከቁጥሩ አጠገብ ፈገግ ያለ ፊት፣ ከፍ ላሉት ያኮረፈ ፊት መሣል። ፈገግታው የተሣለላቸው ቁጠባቸውን ይዘው ቆዩ። ለዚህ ጥናት ያለኝ ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አጥፊውን ብቻ ሳይሆን በደህና የያዘውንም ሰው አስቦታል።

ይህን ማነጻጸሪያ በደብዳቤ ወደ ሚሊዮኖች ቤት ያደረሱት ዳን ዬትስና አሌክስ ላስኪ ናቸው። በ2007 የመሠረቱት ኦፓወር የተባለው ድርጅት መቀመጫው ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት አካባቢ፣ በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ነበር። ሃንት ኦልኮት የተባለ የምጣኔ ሀብት ምሁር በ2011 ባወጣው ጥናት 600,000 ያህል ቤቶችን መርምሮ፣ ደብዳቤው የደረሳቸው ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸሩ በአማካይ ከመቶ 2 እንደቀነሱ አሳየ። ትንሽ ይመስላል። ግን የወር 900 ኪሎዋት ሰዓት ከመቶ 2 ሲሰላ 18 ይሆናል፤ ከቤታችን የወር ጋገራ ይበልጣል። ቀድሞ ከሁሉም ብዙ ይጠቀሙ የነበሩት አንድ አሥረኛ ቤቶች ደግሞ ከመቶ 6 በላይ ቀንሰዋል። ኦልኮትና ቶድ ሮጀርስ በኋላ እንዳገኙት፣ ሁለት ዓመት ሲደርሳቸው የነበረው ደብዳቤ ቢቋረጥ እንኳ ቁጠባው በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ በየዓመቱ ከመቶ 10 እስከ 20 እየሳሳ ይሄዳል እንጂ።

ሁሉም ነገር የሚቆመው «የእናንተን የሚመስል ቤት» በሚለው ላይ ነው። ደብዳቤውን የሚልከው ድርጅት የሚያየው የቤቱን ስፋት፣ የማሞቂያውን ዓይነትና ሰፈሩን ነው። በውስጡ ስንት ሰው እንዳለ ብዙ ጊዜ አያውቅም። ጡረታ የወጡ ወላጆች ቀኑን ሙሉ የሚውሉበት የስድስት ሰው ቤት፣ ሁለቱም ሠራተኛ ከሆኑ ባልና ሚስት ቤት ጋር ተሰልፎ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ቢረዝም ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ የቤተሰቡን ብዛት የሚያስመዘግብ ድረ ገጽ ካለ መሙላት ይገባል።

አዲስ አበባ ላይ ይህን እንጀምር ቢባል መጀመሪያ የሚያደናቅፈን ይኸው መመሳሰል ነው። በአንድ ግቢ አከራይና ሦስት ተከራይ አንድ ቆጣሪ ይጋራሉ። ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ቤቶች አንዱ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራል፣ ሌላው በከሰልና በእንጨት ያበስላል። የሁለተኛው ቆጣሪ ዝቅ ብሎ ቢታይ እናትየው ጭስ ውስጥ ስለቆመች እንጂ ስለቆጠበች አይደለም። ለእሷ ፈገግ ያለ ፊት መላክ ችግሯን ማመስገን ይሆናል። ማንም ቁጥር ከቁጥር ጋር ከማስተያየቱ በፊት በር አንኳኩቶ ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት፦ በዚህ ቆጣሪ ስንት ቤተሰብ ይጠቀማል? እንጀራውስ የሚጋገረው በምን ላይ ነው?