በዳይስ ዓለም መፍጠር

«ስለ አንድ ያልነበረ አገር ድርሰት ጻፉ» ብለን ስናዝ ተማሪው ምን ጽፎ ይመጣል? በማስተማር ልምምድ ጊዜ የገጠመኝን ላጫውታችሁ። አርባ ያህል ደብተር ሰበሰብኩ። በአብዛኞቹ ውስጥ ወንዙ ወተት፣ ተራራው ወርቅ፣ ንጉሡ ደግ ነው። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም፤ የሚያሳስብ እንቅፋት ስላልሰጠኋቸው ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር።

እንቅፋት የሚሰጥ አንድ መሣሪያ አለ፤ ዳይስ። ሉዶ ስንጫወት የምንወረውራትን ማለቴ ነው። በአሜሪካ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ ጨዋታ ታትሞ ወጣ። ተጫዋቾቹ በምናብ ዓለም ውስጥ ገጸ ባሕርይ እየሆኑ የሚጫወቱት ነው፤ የብዙውን ነገር ዕጣ የሚቆርጡት ዳይስና ሠንጠረዥ ናቸው። ለኛ ሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ማርክ ሚለር አዘጋጅቶት በ1977 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ትራቬለር» ይመስለኛል።

በዚህኛው ጨዋታ አንድ ፕላኔት የሚወለደው ሁለት ዳይስ እየተወረወረ ነው። ለስፋቱ ከድምሩ 2 ይቀነሳል። ለአየሩ እንደገና ይወረወርና ከድምሩ 7 ተቀንሶ የስፋቱ ቁጥር ይደመርበታል። ስፋቱ ለምን ተደመረ? ትንሽ ዓለም የስበት ኃይሉ ደካማ ስለሆነ አየሩን ይዞ ማቆየት ይቸግረዋል። ስለ ጨረቃ ስናስተምር ይህንኑ እንል የለ? እንግዲህ ዳይሱ በዘፈቀደ ይውደቅ እንጂ ሠንጠረዡ በዘፈቀደ አልተሠራም። አስተዳደሩም ከሕዝቡ ብዛት፣ የሕጉ ጥብቀትም ከአስተዳደሩ ጋር ተያይዞ ነው የሚወጣው።

እስቲ ብዬ ወረወርኩ። 3 እና 2 መጣ፤ ስፋቱ 3 ሆነ። ይህም ዲያሜትሩ 4,800 ኪ.ሜ. ገደማ ማለት ነው፤ የኛ ምድር በዚህ መለኪያ 8 ናት። ለአየሩ 4 እና 2 መጣ፤ 6 ሲቀነስ 7፣ ሲደመር 3፣ ውጤቱ 2፤ እጅግ ስስና የተበከለ አየር። ውሃውም እንደ አየሩ ይሰላል፤ 6 እና 5 መጣና ውጤቱ 7 ሆነ፤ ከገጹ 70 በመቶው ውሃ ነው። ለሕዝቡ እንደገና 6 እና 5፤ 2 ሲቀነስ 9፤ በቢሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ። አስተዳደሩ 6 ወጣ፤ በውጭ ኃይል የተያዘ አገር።

እንዴ! በማይተነፈስ አየር ውስጥ ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን ይሠራል? ከውሃው በታች ይኖር ይሆን? የውጭዎቹ ገዥዎችስ የአየር ማጣሪያውን በእጃቸው ስለያዙ ይሆን የሚገዙት? ድርሰቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ቁጥሮቹ ተጣሉ፤ የሚያስታርቃቸውን ምክንያት መፈለግ የተማሪው ፋንታ ነው። ያልወደደውን ቁጥር መልሶ ይወርውር የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። መልሶ ከወረወረማ ዞሮ ዞሮ ወተት ወንዝ ላይ ይደርሳል።

የራሳችሁን ሠንጠረዥ ስታዘጋጁ የሒሳቡን ነገር አትርሱ። አንድ ዳይስ ሲወረወር ስድስቱም ቁጥሮች እኩል ዕድል አላቸው። ሁለት ሲወረወር ግን ከ36 አወዳደቅ ውስጥ 7 በስድስት መንገድ ይመጣል፤ 2 እና 12 በአንድ በአንድ ብቻ። ስለዚህ የተለመደውን ነገር መሐል ላይ፣ ብርቁን ዳር ላይ አስፍሩ። ለታችኛዎቹ ክፍሎች ቀለል ያለ ይበቃል። በመጀመሪያው ውርወራ የዝናቡ መጠን ይታወቅ፤ ሁለተኛው ላይ ያው ቁጥር ተደምሮ የሕዝቡ መተዳደሪያ ይውጣ። ድምሩ ዝቅ ሲል ግመል አርቢ፣ ከፍ ሲል ዓሣ አጥማጅ።

ዳይስ ከሌለ ከእንጨት መጥረብ ይቻላል። ግን ስልሳ ጊዜ ወርውራችሁ ፈትኑት፤ እያንዳንዱ ገጽ ወደ አሥር ጊዜ ገደማ መምጣት አለበት። አንዱ ሃያ አምስት ጊዜ ከመጣ አንድ ጎኑ ከብዷል ማለት ነው። እሱም ካስቸገረ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው ወረቀቶች ባርኔጣ ውስጥ ይበቃሉ። የወጣው ወረቀት ግን ተመልሶ ይግባ፤ አለዚያ የሚቀጥለው ዕጣ ከአምስት ብቻ ይሆናል።