የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደወል፦ ምን ያህል እንመነው?

በዚህ እትም የጤና ትምህርታችን ስለ ቤት ውስጥ ማንቂያ ደወል ወይም በተለምዶ አላርም ስለምንለው መሣሪያ እንማራለን። ትምህርቱ በተለይ የሚጠቅመው ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ለሚጠባበቁ ቤተሰቦች፣ ከዘመድ ወይም ከሱቅ ደወል አግኝተው በካምፕ ለሰቀሉ ሰዎች እና ለጤና በጎ ፈቃደኞች ነው።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ካነበባችሁ በኋላ፦
1. የጭስ ደወልንና የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወልን ትለያላችሁ።
2. አንድ ደወል የሚታመን መሆኑን በምን እንደምታዩ ታውቃላችሁ።
3. ደወል በሌለበት ቤት ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ለሌሎች ታስረዳላችሁ።

1. ሁለቱ ደወሎች አንድ አይደሉም

የጭስ ደወል የሚያውቀው በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን የጭስ ብናኞችን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ጭስ ሳይሆን ጋዝ ነው። ከሰል፣ እንጨት፣ ላምባ፣ ጋዝ ወይም ቤንዚን በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ጣዕም የለውም። ወደ ሳንባ ሲገባ ከደም ውስጥ ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። በዚህ ምክንያት ሰውየው እየተነፈሰ አንጎሉና ልቡ ኦክሲጅን ያጣሉ።

ብዙ ሰው “ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭሱ ወጥቶለታል” ብሎ ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል። የቀላ ፍም ጭስ ባይኖረውም ጋዙ አለው። ስለዚህ በዚያ ክፍል የተሰቀለው የጭስ ደወል ብቻ ከሆነ፣ ደወሉ ዝም እንዳለ ሰው ሊሞት ይችላል።

2. “ደረጃውን የጠበቀ” ማለት ምን ማለት ነው?

ደወል በላቦራቶሪ ተፈትኖ በተወሰነ የጋዝ መጠን፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መጮኹ ሲረጋገጥ ደረጃውን ጠብቋል ይባላል። በአሜሪካ የጭስ ደወል ደረጃ ዩ ኤል 217፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ዩ ኤል 2034 ነው። በአውሮፓ የጭስ ደወል ኢ ኤን 14604፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ኢ ኤን 50291 ይባላል። እነዚህ ቁጥሮች በመሣሪያው ጀርባ ወይም በካርቶኑ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

የጋዙ መጠን የሚለካው በፒፒኤም ነው። ይህም ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ ስንቱ እጅ ጋዝ እንደሆነ የሚያሳይ ነው። በአሜሪካው ደረጃ ደወሉ መጮኽ ያለበት እንደሚከተለው ነው፦
- በ70 ፒፒኤም፦ ከ60 እስከ 240 ደቂቃ ባለው ጊዜ፤
- በ150 ፒፒኤም፦ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፤
- በ400 ፒፒኤም፦ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ደወሉ ጋዙ እንደገባ ወዲያው አይጮኽም። ሁለተኛ፣ ልኩ የተሠራው ለጤነኛ አዋቂ ሰው ነው። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕፃን፣ የልብ ሕመምተኛና የደም ማነስ ያለበት ሰው ደወሉ ከመጮኹ በፊት ሊጎዱ ይችላሉ። ደወሉ ዝም አለ ማለት አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

3. ደወል የሚያታልልባቸው ምክንያቶች

ሀ. ባትሪ። ባትሪው ያለቀ ወይም የተነቀለ ደወል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ነው። በአሜሪካ በቤት ቃጠሎ ከሚሞቱት ሰዎች ከአምስቱ ሦስቱ ያህል የሚሞቱት ደወል በሌለበት ወይም በማይሠራበት ቤት ነው።

ለ. ዕድሜ። የጭስ ደወል ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በ10 ዓመት ውስጥ መለወጥ አለበት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ዘመድ የላከላችሁ አሮጌ ደወል ከሆነ መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጣችሁ ቀኑን እዩ።

ሐ. የመሞከሪያው ቁልፍ። ቁልፉን ስትጫኑ መጮኹ ባትሪውና ድምፁ ደህና መሆናቸውን ያሳያል። በአብዛኞቹ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወሎች ግን ጋዙን የሚለየው ክፍል ማርጀቱን አይነግራችሁም። ቀኑ ካለፈ ቢጮኽም አትመኑት።

መ. የማይታመን ሥሪት። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የፍጆታ ዕቃዎች ደህንነት ኮሚሽን በኢንተርኔት የሚሸጡ አንዳንድ ርካሽ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወሎች ጋዝ ሲሞላባቸው እንዳልጮኹ ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ምልክት ማተም ቀላል ነው። የደረጃ ቁጥር፣ የተሠራበት ቀንና የሠሪው ስም የሌለው ደወል አይገዛ።

ሠ. ቦታና ሙቀት። በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡ ብዙ ደወሎች የተሠሩት ከ4 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሆነ ቤት ነው። በካኩማ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት በቀን ከዚህ ሊያልፍ ይችላል። አቧራና ነፍሳትም መሣሪያውን ይደፍኑታል። ስለዚህ ጥሩ ደወልም ቢሆን በካምፕ ቤት ውስጥ ሙሉ እምነት አይጣልበትም።

በአንድ ክፍል ውስጥ በሚበሰልበት ቤት የጭስ ደወል ሌላም ችግር አለው። በየቀኑ ስለሚጮኽ ሰው ተሰላችቶ ይነቅለዋል። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ከተማ ለቆርቆሮ ሰፈሮች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተዘጋጀው መሣሪያ በጭስ ፈንታ የሙቀትን ድንገተኛ ጭማሪ የሚለየው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ወደ ሦስተኛ አገር ለሚሄዱ

በአሜሪካ ሦስት ጊዜ እየደጋገመ የሚጮኽ ደወል የጭስ፣ አራት ጊዜ እየደጋገመ የሚጮኽ የካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሁለቱም ማለት “ውጡ” ማለት ነው። ሕፃናትን ይዛችሁ ውጡ፣ ውጭ ሆናችሁ ወደ 911 ደውሉ። በየደቂቃው አካባቢ አንድ ጊዜ ብቻ ጭር የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ባትሪው እያለቀ ወይም ዕድሜው ያለፈ ነው፤ ይለወጥ።

ቡና ሲቆላ፣ እጣን ሲጤስ ወይም እንጀራ ሲጋገር የጭስ ደወል ሊጮኽ ይችላል። መስኮት ክፈቱ፣ ማቆሚያ ቁልፍ ካለው ተጫኑ እንጂ ባትሪውን አትንቀሉ። ደወሉ ከምድጃው ቢያንስ 3 ሜትር ቢርቅ በከንቱ መጮኹ ይቀንሳል።

በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ በከባድ ብርድ መብራት በጠፋ ጊዜ ብዙ ሰዎች በመኪና፣ በጄኔሬተርና በከሰል ለመሞቅ ሲሞክሩ በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘዋል። በሂዩስተን ከሞቱት መካከል ከኢትዮጵያ የሄዱ ይገኙበታል። ግዛቲቱ በዚያን ጊዜ በመኖሪያ ቤት ሁሉ ደወል እንዲኖር የሚያስገድድ ሕግ አልነበራትም። ስለዚህ ቤት ስትከራዩ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል እንዳለ ጠይቁ። በመብራት የሚሠራ ከሆነ መጠባበቂያ ባትሪ ይኑረው። መኪናም ሆነ ከሰል በጋራዥና በቤት ውስጥ አይለኮስ።

5. ደወል በሌለበት ቤት

- ምግብ በተቻለ መጠን ውጭ ወይም በተለየ ማድ ቤት ይብሰል።
- ከሰል ያለበት ምድጃ፣ ፍም ቢሆንም እንኳ፣ ሰው በሚተኛበት ክፍል አይደር።
- ዝናብ ወይም ብርድ ሆኖ የግድ ምድጃ ቤት ውስጥ ከገባ በርና መስኮት ክፍት ይሁን፤ ከመኝታ በፊት ምድጃው ውጭ ይውጣ።
- ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድካም ከተሰማው፣ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ደወል እንደጮኸ ቁጠሩት።

6. ለጤና በጎ ፈቃደኞች

የተመረዘ ሰው ስታገኙ በሩን ክፈቱ፣ ሕመምተኛውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውኃ አይሰጥ፤ ሊታነቅ ይችላል። መድኃኒቱ ኦክሲጅን ነው። በተራ አየር ጋዙ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲፈጅ፣ በኦክሲጅን ጭንብል ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ እዚህ ላይ ያሳስታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክሲጅን ከያዘው ስለማይለይ ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። “ቤት ውስጥ ከሰል ነበረ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ለነርሱ ወይም ለሐኪሙ ንገሩ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ወ/ሮ ሀ. ቤታቸው የጭስ ደወል ስላለ ፍም የሞላ ምድጃ አስገብተው በሩን ዘግተው ይተኛሉ። ምን ትሏቸዋላችሁ?
2. የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ቁልፉ ሲጫን ይጮኻል፤ የተሠራው ግን ከ12 ዓመት በፊት ነው። ይታመናል?
3. ሦስት ልጆች በአንድ ጠዋት ራሳቸውን አሟቸው ነቁ፤ የጣት መለኪያው 98 ያሳያል። ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ 1. የጭስ ደወል ጋዙን አይለይም፤ ምድጃው ይውጣ። 2. አይታመንም፤ ይለወጥ። 3. ከቤት አውጡ፣ ስለ ከሰል ጠይቁ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።