እግርህን አገላብጥ

ሺሺንዳ፣ የቡና ለቀማ ሰሞን። ጡረታ የወጡ ነርስ በረንዳቸው ላይ ቡና እየለቀሙ ነው፤ የጎረቤታቸው ልጅ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

— እትዬ፣ እናቴ ውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ነገር ወጥቶባታል። እሾህ ወግቶኝ ነው ትላለች።

— ከመቼ ወዲህ?

— ካምናው ለቀማ ጀምሮ። አያማትም፤ ግን እየሰፋ ነው።

— የእሾህ ጠባሳ ዓመት ሙሉ አይሰፋም፣ ልጄ። ጠርዙ ወጣ ገባ ነው? መልኩስ?

— ወጣ ገባ ነው። አንዱ ጎኑ ቡናማ፣ ሌላው ጥቁር። ግን እትዬ፣ የቆዳ ካንሰር ፀሐይ የሚያቃጥላቸው የነጮች በሽታ አይደለም እንዴ?

— ይህ አባባል ስንቱን አዘናጋው! ፀሐይ ነጭ ቆዳን ይበልጥ መጉዳቷ እውነት ነው። በእኛም አገር አልቢኖ የሆኑ ልጆች ጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ሊለያቸው አይገባም። ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር ግን ጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ፀሐይ የማታየውን ቦታ ይይዛል፦ ውስጥ እግርን፣ መዳፍን፣ የጥፍርን ሥር። ቦብ ማርሌይን የገደለው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የጀመረ ሜላኖማ ነው። በፈረንጆቹ 1981 ሲሞት ገና 36 ዓመቱ ነበር።

— በምላጭ ቆርጠን ብናወጣውስ?

— በፍጹም! አትቁረጡት፣ አታቃጥሉት። ስስ ሳለ ሐኪም ዙሪያውን ጨምሮ ቢያወጣው የመዳን ተስፋዋ ትልቅ ነው። ከጠለቀ ወደ ብሽሽቷ እጢ፣ ከዚያም ወደ ሳንባ ይሄዳል። ነገውኑ ቦንጋ፣ ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ውሰዳት። ካስፈለገ ወደ ጅማ ይልኳታል። ናሙናው ይመርመርልን በሉ።

— የእህቴስ? ጎኗ ላይ ውሃ ቋጥሯል፤ እንደ እሳት ይለበልባታል።

— በአንድ ወገን ብቻ፣ እንደ መቀነት?

— አዎ፣ ከትናንት ጀምሮ።

— አልማዝ ባለጭራ ይመስላል። በልጅነት የያዛት የጉድፍ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ሲነሳ ነው። መድኃኒቱ በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ይበልጥ ይረዳል፤ እሷንም አብረህ ውሰዳት።

— ውሃ የሚቋጥር ሁሉ እሱ ነው?

— አይደለም። አፍ ውስጥ በማይድን ቁስል ጀምሮ ገላን የሚልጥ ፔምፊገስ የሚባል አለ። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የቆዳን ሕዋሳት ያጣበቀውን ሙጫ ሲያፈርስ የሚመጣ ነው። አይተላለፍም። እኔ ያስታመምኳትን ሴት ግን ቤተሰቧ ሳህኗን ለይተውባት ነበር፤ ከቁስሉ ይልቅ ያስለቀሳት እሱ ነው። ፕሬድኒሶሎን ጀምራ አገገመች። ይህን ክኒን ሻል አለኝ ብሎ በድንገት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

— እንግዲህ ልሂድ፣ እትዬ። መኪና ልጠይቅ።

— ቆይ። መጀመሪያ ጫማህን አውልቅና ውስጥ እግርህን አሳየኝ።