በኅዳር ወር ስለ እንሰት አጠባበቅ

በከፋ አገር፣ በቦንጋና በደካ ዙሪያ፣ የዝናሙ ወራት ረጅም ነው። በኅዳር ዝናሙ ሲቀንስ ገበሬው ወደ ጓሮው ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ቡናው ቀልቶ ለቀማ ይፈልጋል፤ በጥላ ሥር ያለው ኮረሪማም መታረም አለበት። ከሁሉ ይልቅ ግን ጥንቃቄ የሚሻው በቤቱ አጠገብ የቆመው እንሰት ነው።

እንሰት ሙዝን ይመስላል፤ ነገር ግን የሚበላው ፍሬው አይደለም። ግንዱና ሥሩ ተፍቆ፣ በጉድጓድ ከቆየ በኋላ ቆጮ ይሆናል። አንዱ ተክል ለዚህ እስኪደርስ እንደ ቦታውና እንደ ዓይነቱ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ እንሰቱ የጠፋበት ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት እንጀራውን አጣ ማለት ነው።

የደረቀውን ቅጠል መቁረጥ፣ አረሙን ማውጣት፣ ከሥሩ ፍግ ማድረግ ልጆችም የሚችሉት ሥራ ነው። አደጋው ያለው በቢላዋው ላይ ነው። እንሰትን የሚያጠወልግ ብርቱ በሽታ አለ። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት መርምረው፣ ምክንያቱ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑን በ1968 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስታወቁ። ይኸው በሽታ ሙዝንም ይይዛል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ ታይቶ የብዙ ሰዎችን የሙዝ ተክል አጥፍቷል።

አስቀድሞ የሚጠወልገው በመካከል ያለው ለጋ ቅጠል ነው፤ የቅጠሉም አገዳ ሲቆረጥ ጥቂት ቆይቶ ቢጫ የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ይወጣል። ይህ ፈሳሽ የነካው ቢላዋ ጤነኛውን ሲቆርጥ በሽታውን ይዞለት ይሄዳል። ስለዚህ የማይጠነቀቅ ትጉህ ሰው ከሰነፉ ይልቅ ጓሮውን ፈጥኖ ያጠፋል፤ ብዙ ይቆርጣልና። ቢላዋውን በቅጠል መወልወል አይበቃም፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲታለፍ በእሳት ነበልባል ማሳለፍ ይገባል።

የታመመው እንሰት ከነሥሩ ተነቅሎ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል፤ ከብትም ቅጠሉን እንዳይበላ ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ሰው ያፍራል፤ በሽታው በጓሮው መግባቱን ከጎረቤቱ ይሸሽጋል፤ ቢላዋ አውሰኝ ሲሉት ግን ይሰጣል። እንዲህ ያለው ቸርነት ከንፉግነት የከፋ ነው። መልካሙ ጎረቤት ቢላዋውን ከማዋሱ በፊት የሆነውን ይናገራል፤ የተዋሰውም ቢላዋውን በምድጃው እሳት አሳልፎ ይመልሳል፤ ማንም በዚህ አይቀየምም። ባዶ በቀረውም ቦታ ወዲያው እንሰት አይተከልም፤ ጎመን ይዘራበታል።